ምዕራፍ ስድስት፦ በየተራው

የመጀመሪያውን የኢንተርኔት ትምህርቴን ያበላሸው ኢንተርኔቱ አልነበረም። የማስተምርባት ክፍል መርካቶ ውስጥ፣ ከራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና ከአንዋር መስጊድ ብዙም በማይርቅ አሮጌ ፎቅ ላይ ናት። መስኮቷ ወደ ገበያው ይከፈታል። ተማሪዬ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበረች፤ እናቷ አዲስ ከተማ ተወልዳ ያደገች፣ እሷ ግን ዋሽንግተን አካባቢ የተወለደች። ኪቦርዴ ላይ አንድ ወፍራም ኖታ መታሁና ድምፁ እስኪከስም ጠበቅሁ።

"ሰማሽው?" አልኳት።

"መጀመሪያውን ሰማሁት ጋሼ። ከዚያ ጠፋ።"

ደግሜ መታሁ። ደግሞ ጠፋ። በዚህ መሃል ከታች አንድ ተሸካሚ "መንገድ! መንገድ!" እያለ ሸክሙን ይዞ አለፈ። ልጅቷ ሳቀች።

"እሱን ግን ሰማሁት!"

ስልኬ ፒያኖውን ጫጫታ፣ የተሸካሚውን ጩኸት ደግሞ ንግግር ብሎ መድቦት ኖሯል። ተሳሳተ ብዬ ልፈርድበት አልቻልኩም፤ የተሠራው ሰው ከሰው እንዲነጋገርበት ነው። ስህተቱ የእኔ ነበር። ድምፁንም፣ ጣቴንም፣ ምቱንም፣ ንግግሬንም በአንድ ቀጭን ቧንቧ ውስጥ በአንድነት አጭቄ፣ ሁሉም እንደነበረ ይደርሳል ብዬ ጠብቄ ነበር።

መርካቶ ያደገ ሰው እንዲህ ሊሞኝ አይገባውም ነበር። እዚህ ሁሉም ዕቃ ተራ አለው። ሚስማር ሊገዛ ሸማ ተራ የሚሄድ፣ ቆርቆሮ ፈልጎ ዱባይ ተራ የሚንከራተት የለም። ገበያው በጣሊያን ወረራ ዘመን ከአራዳ ጊዮርጊስ አካባቢ ወደዚህ ከተዛወረ ጀምሮ ይህን ሁሉ ሕዝብና ይህን ሁሉ ዕቃ ችሎ የኖረው አንድም በዚህ ሥርዓት ነው። የፒያኖ ትምህርትም ሲፈታ እንደዚሁ የተለያየ ዕቃ ነው። ድምፅ አለ፤ ምት አለ፤ የጣት እንቅስቃሴ አለ፤ ተማሪው ብቻውን ሲሆን የሚሠራው ልምምድ አለ። ለእያንዳንዱ የሚስማማውን ተራ ማግኘት ነው ጥበቡ። ውድ መሣሪያ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ትምህርት ፍለጋ የሄዱ

ድሮ ርቀቱን የሚያቋርጠው ድምፁ ሳይሆን ሰውየው ነበር። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. በ1923 አዲስ አበባ ተወልደው፣ በስድስት ዓመታቸው ለትምህርት ወደ ስዊዘርላንድ ተላኩ። ከምዕራቡ ሙዚቃ ጋር የተዋወቁት እዚያ ነው። ወጣት ሲሆኑ ደግሞ ካይሮ ሄደው ከፖላንዳዊው የቫዮሊን መምህር ከአሌክሳንደር ኮንቶሮዊች ዘንድ ተማሩ። በኋላ መንነው ግሸን ማርያም ሲገቡ ለዓመታት ፒያኖ ሳይነኩ ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን አገር ታትሞ የወጣው የመጀመሪያ ሸክላቸው የዚያ ሁሉ መንገድ ፍሬ ነው።

ግርማ ይፍራሸዋም እንዲሁ መንገደኛ ነው። በልጅነቱ ክራር ይጫወት የነበረው ግርማ ከፒያኖ ጋር የተገናኘው በአሥራ ስድስት ዓመቱ፣ ያሬድ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ሲገባ ነው። ከዚያ ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ሄዶ ተማረ፤ ተመልሶም ያሬድ አስተማረ።

ሁለቱም ከመምህር ጎን ለመቀመጥ ባሕር ተሻግረዋል። ከመምህር ጎን መቀመጥ ምን ይሰጥ እንደነበር ካላወቅን፣ በስልክ ስናስተምር ምን እንደጎደለን አናውቅም። ጎን የተቀመጠ መምህር የኖታውን ጅማሬም ፍጻሜም ይሰማል። የተማሪው አንጓ ሲደነድን ያያል። አብሮ ይቆጥራል። አንዳንዴም ምንም ሳይናገር የልጁን ክርን በጣቱ ነካ አድርጎ ዝቅ ያደርጋል። የመጨረሻውን ወደዚህ ምዕራፍ መዝጊያ ላቆየው፤ ሌሎቹን በየተራቸው እንሂድባቸው።

የድምፅ ተራ

ፒያኖ 88 ቁልፍ አለው። የግራው ዳር ቁልፍ በሰከንድ 27.5 ጊዜ ይርገበገባል፤ የቀኙ ዳር 4186 ጊዜ። የድሮው የቤት ስልክ የሚያሳልፈው ከ300 እስከ 3400 ያለውን ብቻ ነበር፤ ለንግግር ያ ይበቃል ተብሎ ስለተወሰነ። ዛሬ ያሉት መተግበሪያዎች ከዚያ በጣም የተሻለ ያስተላልፋሉ፤ ነገር ግን አስተሳሰባቸው አልተቀየረም። ሁሉም ነገር የተዘጋጀው ለአፍ ነው።

የንግግር ባሕርይ ምንድን ነው? ይቆራረጣል፤ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ቃል መጣ፣ ዝም አለ፣ ቃል መጣ። ጫጫታ ደግሞ የማይለዋወጥ፣ የሚጎተት ድምፅ ነው፤ የማቀዝቀዣ ድምፅ፣ የጄኔሬተር ጉርምርምታ። ጫጫታ አጣሪው ፕሮግራም የሚያየው ይህን ልዩነት ነው። አሁን የፒያኖን ኖታ አስቡ። ሲመታ ጠንከር ይላል፤ ከዚያ ሳይለዋወጥ እየሳሳ ይጎተታል፤ ወፍራሞቹ ከአሥር ሰከንድ በላይ ይቆያሉ። ለፕሮግራሙ ይህ ጅራት የጄኔሬተር ወንድም ነው። ስለዚህ ምቱን ያሳልፍና ጅራቱን ይቆርጠዋል።

ሁለተኛው ቆራጭ ማሚቶ ማጥፊያው ነው። የእኔ ድምፅ ከልጅቷ ስፒከር ወጥቶ በእሷ ማይክ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ፣ ሁለታችን እኩል ድምፅ ስናሰማ አንዳችንን ያፍናል። እየተጫወተች "ጎበዝ" ስላት ሙዚቃዋ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም። ዙም ውስጥ "ኦሪጅናል ሳውንድ ፎር ሙዚሺያንስ" የሚባል ምርጫ አለ፤ ድምፁን እንደወረደ አሳልፈው ማለት ነው። ሲከፈት ጫጫታ ማጣራቱ ይቆማል። ከሥሩ የሙዚቃውን ጥራት የሚጨምርና ማሚቶ ማጥፊያውን የሚዘጋ ምርጫም አለ። ይህን ያደረገ ግን የጆሮ ማዳመጫ የግድ ያስፈልገዋል፤ ከስፒከር የወጣው ድምፅ ወደ ማይክ ተመልሶ እንዳይገባ። ማዳመጫው ባለ ገመድ ይሁን። ብሉቱዝ ድምፁን ጠቅልሎ ልኮ እስኪፈታ ጊዜ ይበላል፤ ተማሪዋ ቁልፉን ነክታ ድምፁን ቆይታ ከሰማችው፣ ጣቷና ጆሮዋ ይጣላሉ።

አጣሪውን ስዘጋ ታዲያ መርካቶ በሙሉ ወደ ክፍሌ ገባ። የታክሲ ረዳቶቹ "ፒያሳ! ፒያሳ!"፣ የጋሪው ጎማ፣ የብረት ቤቱ መዶሻ። እዚህ ላይ ኤሌክትሪክ ኪቦርድ ከእውነተኛው ፒያኖ የሚበልጥበት አንድ ነገር አለ፤ ድምፁ አየር ላይ መውጣት የለበትም። ከማዳመጫ መውጫው በገመድ ወደ ትንሽ ሳውንድ ካርድ፣ ከሳውንድ ካርዱ ወደ ኮምፒውተር ይገባል። ከውጭ የፈለገው ቢጮህ፣ ልጅቷ የምትሰማው የጠራ ኖታ ነው። ንግግሬ በሌላ ማይክ ይሄዳል፤ ስጫወት እዘጋዋለሁ። ኖታውና ንግግሩ ተራ ለተራ ተለያዩ ማለት ነው።

የምት ተራ

አዲስ መምህራን ሁሉ የሚሞክሩትና ሁሉም የሚያፍሩበት ነገር አለ፤ ከተማሪው ጋር እኩል መጫወት። "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" ብዬ ቆጥሬ እጀምራለሁ፤ ልጅቷ ዘግይታ ትመጣለች። እሷን ለመጠበቅ ዝግ እላለሁ። እሷም ዝግ ስል ሰምታ ዝግ ትላለች። ጥቂት ቆይተን ሁለታችንም የቀብር አጃቢ መስለን እንገኛለን።

ጥፋቱ የማንም አይደለም። ድምፅ በአየር ላይ በሰከንድ 340 ሜትር ያህል ይጓዛል። አሥር ሜትር ተራርቀው የሚጫወቱ ሁለት ሰዎች የአንዳቸው ድምፅ ለሌላው በ30 ሚሊሰከንድ ግድም ዘግይቶ ይደርሳቸዋል። ሙዚቀኛ እስከዚያ ድረስ ይችላል፤ ከዚያ በላይ ሲሆን ምቱ መንሸራተት ይጀምራል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በቀጥታ መስመር ከ11 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ብርሃን በመስታወት ገመድ ውስጥ በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሮጠው። ስለዚህ ምንም ሳይደናቀፍ ቀጥ ብሎ ቢሄድ እንኳ ከ55 ሚሊሰከንድ በላይ ይፈጅበታል፤ መልሱ ሲመጣ እጥፉን። ገመዱ ደግሞ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ኢትዮጵያ ወደብ የላትም፤ መስመሩ በጎረቤት አገር በኩል ባሕር ዳርቻ ይወርድና በባሕር ሥር ይቀጥላል። በዚህ ላይ ምስሉንና ድምፁን ማሸግና መፍታት አለ። ከዚህ የተነሳ 200 ሚሊሰከንድ ብርቅ አይደለም። በደቂቃ 120 ምት በሚሄድ ዘፈን አንዱ ምት 500 ሚሊሰከንድ ነው፤ የምቱ ግማሽ ሊጠጋ መንገድ ላይ ቀረ ማለት ነው። የተሻለ ስልክ ቢገዛም ይህን አያሳጥረውም። ብርሃን ከዚህ በላይ አይፈጥንም።

በአንድ ከተማ ውስጥ ያሉ ሙዚቀኞች እንደ ጃሙለስና ጃክትሪፕ ያሉ ፕሮግራሞችን ተጠቅመው፣ በጥሩ የፋይበር መስመር እኩል ሊጫወቱ ይችላሉ። ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ትምህርት ግን መፍትሔው ከፕሮግራም አይመጣም። ከአገራችን የዜማ ቤት ይመጣል።

በቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንቱ በቀኝና በግራ ቆመው ሲያመሰግኑ፣ ቀኝ ጌታውና ግራ ጌታው በየወገናቸው ሆነው አንዱ ሲመራ ሌላው ይቀበላል። የሚቀበለው ወገን እስኪቀበል ድረስ ሥራ ፈት አይደለም፤ እየሰማ ነው። በስልክ የሚሰጥ ትምህርትም እንዲህ ሲደራጅ መዘግየቱ ጉዳቱ ያበቃል። እኔ አራት መስመር እመራለሁ፤ ማይኬን አጥፍቼ እሰማለሁ፤ እሷ ትቀበላለች። መሃል ያለው የመንገድ ጊዜ ከዝምታ ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል። እኩል ለመጫወት ስንታገል ከነበረው ይልቅ እንዲህ ስንቀባበል ጆሮዋ የተሻለ ሲሠራ አይቻለሁ።

ምት መቁጠሪያውም ቦታው ይቀየራል። ሜትሮኖሙ እኔ ዘንድ ቢጮህ ለልጅቷ ዘግይቶ ይደርሳታል፤ እሷ ተከትላው ስትጫወት የእሷ ድምፅ ለእኔ ደግሞ ዘግይቶ ይደርሰኛል፤ ሁለት ጊዜ ተበላን። ስለዚህ መቁጠሪያው እሷ ዘንድ፣ ከኪቦርዱ አጠገብ ይቀመጣል። የመቁጠሪያው ኳኳታና የጣቷ ድምፅ አብረው ይጓዛሉ፤ ቢዘገዩም እኩል ይዘገያሉ። ከምቱ መቅደሟንም መቅረቷንም መርካቶ ተቀምጬ አውቃለሁ።

የጣት ተራ

ፊቷን የሚያሳይ ካሜራ ለሰላምታ ነው። ጣት ለማየት ካሜራ ከላይ መምጣት አለበት፤ ቁልፎቹን ከነ ሁለቱ እጆች ቁልቁል የሚያይ። ቀላሉ መንገድ ሁለተኛ ስልክ ነው። አንዱ ስልክ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ሌላው ያው ትምህርት ውስጥ እንደ ሁለተኛ ሰው ይገባና ከላይ ይንጠለጠላል። የሁለተኛው ማይክም ስፒከርም መዘጋት አለበት፤ አለዚያ ሁለቱ ስልኮች እርስ በርስ ተሰማምተው ፉጨት ይለቁባችኋል።

ስልኩን ከላይ ለማንጠልጠል ቲክቶከሮች የሚገዙት ረጅም ክንድ ያለው መያዣ በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ። የእኔ ግን ከምናለሽ ተራ ነው። የወላለቀ የጠረጴዛ መብራት ክንድ ገዝቼ፣ አንድ ባለሙያ ጫፉ ላይ የስልክ መቆንጠጫ በየደልኝ። ያረጀ ጣሳ ኩባያና ምድጃ ሆኖ በሚወጣበት ሰፈር ይህ ትንሽ ሥራ ነው። ብርሃኑን ከጎን አድርጉት፤ ከካሜራው ኋላ ከመጣ የስልኩ ጥላ ቁልፎቹን ይሸፍናል።

ካሜራ ግን የማያየው ነገር አለ፤ የቁልፉን ክብደት። የግራ እጅ ከቀኝ እጅ ምን ያህል እንደጠነከረ በምስል አይታይም፤ የስልክ ድምፅም ያስተካክለዋል። እዚህ ላይ ነው ከ40 ዓመት በላይ የሆነው አንድ ፈጠራ የሚያገለግለን። ሚዲ ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1983 የተለያዩ ፋብሪካዎች የሠሯቸው ኪቦርዶች እርስ በርስ እንዲግባቡ የተስማሙበት ቋንቋ ነው።

ሚዲ ድምፅ አይልክም። ወሬ ነው የሚልከው፤ "60ኛው ቁልፍ ተነካ፣ ኃይሉ 74"፤ "60ኛው ቁልፍ ተለቀቀ"፤ "ፔዳሉ ተረገጠ"። የኃይል መለኪያው ከ1 እስከ 127 ነው። አንዱ ወሬ ሦስት ባይት ብቻ ይመዝናል። እንግዲህ አስሉት። የሦስት ደቂቃ ዘፈን 2000 ኖታ ቢኖረው፣ ለመንካትና ለመልቀቅ ስድስት ስድስት ባይት፣ ሁሉም 12 ሺህ ባይት ይሆናል፤ የጊዜ ምልክቱ ሲጨመርበትም ከአንድ ትንሽ ፎቶ እጅግ ያንሳል። ያው ዘፈን በመካከለኛ ጥራት በድምፅ ሲቀዳ ወደ ሦስት ሚሊዮን ባይት ይጠጋል። ወሬው ያለ ምንም መሸራረፍ ይደርሳል፤ እኔ ዘንድ ያለው ኪቦርድ ተቀብሎ ልጅቷ በነካችው ልክ ይጫወተዋል። ያማሃ የተባለው ፋብሪካ ዲስክላቪየር የሚባለውን ፒያኖ ሠርቶ እ.ኤ.አ. ከ1987 ጀምሮ አሜሪካ ውስጥ የሸጠው በዚሁ መንገድ ነው፤ ወሬው ሲደርሰው የእውነተኛ ፒያኖ ቁልፎች ሰው ሳይነካቸው ቁልቁል ይወርዳሉ። ለእኔ ዓይነቱ መምህር ግን ተራ ኪቦርድና ነፃ ፕሮግራም ይበቃል። ልጅቷ "እኩል ነው የመታሁት" ስትለኝ፣ ግራ እጇ 90፣ ቀኝ እጇ 61 መሆኑን አሳያታለሁ። ከዚያ በኋላ ክርክር የለም።

ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድ ስሙ ሲጠራ ባለሱቁ ግራ ይጋባል። "የሚዲ ገመድ" ብላችሁ ከሱቅ ሱቅ አትንከራተቱ። የብዙ ኪቦርዶችን ጀርባ አዙራችሁ ብታዩት አራት ማዕዘን ሊባል የሚችል መሰኪያ አለው፤ የፕሪንተር መሰኪያ ነው። "የፕሪንተር ገመድ" በሉ፤ ወዲያው ይሰጣችኋል። ከስልክ ጋር ለማገናኘት ደግሞ "ኦቲጂ" የምትባለዋን ትንሽ ማያያዣ ጨምሩ።

የዕቃ ተራ

ወላጆች ቀድመው የሚጠይቁት "የትኛውን እንግዛ?" ነው። መልሴ ሦስት ፍተሻ ነው፤ ሦስቱም ባለሱቁ ፊት ይሠራሉ።

አንደኛ፣ ቁልፉን ቀስ ብለህ ንካ፤ ከዚያ ጠንከር አድርገህ ንካ። ድምፁ ካልተለወጠ መሣሪያው ኃይል አይለይም፤ መጫወቻ ነውና ተወው። ለመጀመር 61 ቁልፍ ይበቃል። ከአንድ ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ጣት የሚጠነክረው ክብደት ባለው ቁልፍ ነው፤ እነዚህ ብዙ ጊዜ ባለ 88 ናቸው።

ሁለተኛ፣ ቻርጀሩን ከመሣሪያው ጀርባ ከተጻፈው ጋር አመሳክር። አንዱ 9 ቮልት፣ ሌላው 12 ይፈልጋል። ከቁጥሩ አጠገብ ደግሞ የፕላስና የማይነስ ትንሽ ሥዕል አለች፤ መሃሉ ፕላስ ነው ወይስ ዳሩ? ጫፉ ልክ ስለገባ ብቻ የተሰካ ቻርጀር ኪቦርድ ያቃጥላል። እኔ አንዱን ያቃጠልኩት እንዲህ ነው፤ ባለሱቁም እኔም "ገባ እኮ!" ብለን ተደስተን ነበር።

ሦስተኛ፣ ፔዳሉን ሞክር። ስትረግጠው ዝም ብሎ ስትለቀው የሚያስተጋባ ከሆነ አልተበላሸም፤ የተገላቢጦሽ ነው። ኪቦርዱን አጥፍተህ፣ ፔዳሉን ሳትረግጥ መልሰህ አብራው፤ ብዙዎቹ ሲበሩ ራሳቸው ይለዩታል።

እውነተኛ ፒያኖ ያለው ሰው ዕድለኛ ነው፤ ነገር ግን እንጨቱ ክረምት እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ይደርቃል፤ ቅኝቱም አብሮ ይሄዳል። ኪቦርድ ይህ ችግር የለበትም። መብራት ሲጠፋ ደግሞ ብዙዎቹ አነስተኛ ኪቦርዶች ስድስት ባትሪ ድንጋይ ጎርሰው ይሠራሉ። ዋይፋዩን ለማቆየት ትንሽ ዩፒኤስ ወይም የስልክ ዳታ ይበቃል።

ዳታው ስንት ይፈጃል? የምስል ጥሪ በሰከንድ 600 ኪሎቢት ቢልክና ያንኑ ቢቀበል፣ በሰዓት 540 ሜጋባይት ይሆናል። ምስሉን ዘግተው የሙዚቃ ጥራት ያለው ድምፅ ብቻ በ96 ኪሎቢት ቢልኩ፣ በአንድ አቅጣጫ በሰዓት 43 ሜጋባይት ነው። ስለዚህ ሰዓቱን እከፍለዋለሁ፤ ጣት የምናይበት ሃያ ደቂቃ በምስል፣ የቀረው በድምፅ።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ እኔ ማታ ሁለት ሰዓት ብዬ የቀጠርኩት ለዋሽንግተኖቹ በክረምታቸው ልክ እኩለ ቀን ነው፤ በበጋቸው ደግሞ ሰዓታቸውን አንድ ወደፊት ስለሚገፉ ከቀትር በኋላ አንድ ሰዓት ይሆናል። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በመጋቢት መጀመሪያና በጥቅምት መጨረሻ ግድም፣ ባዶ ስክሪን ላይ የሚያፈጥ መምህር ይኖራል።

የብቻ ተራ

መጋቢት 2012 ዓ.ም. ኮሮና ትምህርት ቤቶችን ሲዘጋ ብዙዎቻችን "ኢንተርኔት ትምህርት" ስንል የቀጥታ ጥሪ ብቻ ይመስለን ነበር። አሁን ግን ከትምህርቱ ትልቁ ክፍል ጥሪው ከተዘጋ በኋላ ያለው እንደሆነ አምናለሁ።

ለዚህ ምሳሌዬ ኃይሉ መርጊያ ነው። የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች የነበረው ኃይሉ አሜሪካ ከቀረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1985 አንድ ካሴት አወጣ። አኮርዲዮኑን፣ የኤሌክትሪክ ፒያኖውንና ሲንተሳይዘሩን ራሱ እየደራረበ የቀዳው ነበር፤ ከበሮውን ማሽን ይመታለታል። ራሱን ሰምቶ ለራሱ መልስ ሰጠ ማለት ነው። ከዚያ ለብዙ ዓመታት ዋሽንግተን ታክሲ ነዳ። ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ከመኪናው ኋላ በባትሪ የሚሠራ ኪቦርዱን አውጥቶ ይለማመድ ነበር። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ኃይሉ ወደ መድረክ ሲመለስ፣ ጣቶቹ አልዛጉም ነበር።

ታክሲ ተራ ላይ፣ ተራው እስኪደርስ የተለማመደ ሰው ለተማሪዎቼ ከማንም በላይ ይገባቸዋል።

ስለዚህ የቤት ሥራው እንዲህ ነው። ተማሪው በሳምንቱ መሃል አንድ ቅጂ በቴሌግራም ይልካል፤ በድምፅ መልእክት ሳይሆን በፋይል። የድምፅ መልእክት ለንግግር የተጨመቀ ነው፤ ፋይል ግን እንዳለ ይደርሳል። ከመላኩ በፊት ራሱ አንድ ጊዜ አዳምጦ፣ ያልወደደውን ቦታ በደቂቃና በሰከንድ ይጽፍልኛል። እኔ ከዚያ በላይ አልጨምርም ማለት ይቻላል። የልጅ ቅጂ ሲሆን ወላጅ ፈቅዶና አውቆ ነው የሚላከው፤ ከእኔም ስልክ ወደ ሌላ አያልፍም።

ኖታ ለመጻፍ ሙዝስኮር የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የእኛን ቅኝት የሚመለከት መልመጃ በውጭ መጻሕፍት እምብዛም ስለማይገኝ ራሴ እጽፈዋለሁ። የመጀመሪያው መልመጃዬ ግን ኖታ አይፈልግም። ተማሪው ጥቁሮቹን ቁልፎች ብቻ ይነካል። ሦስት ሆነው ከተሰለፉት ጥቁሮች በግራ ካለው ጀምሮ አምስቱን ተራ በተራ ሲወጣ የሚሰማው ትዝታ ሜጀር ነው። አማርኛው የሚኮላተፍ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አምስት ጥቁር ቁልፍ ይዞ እናቱን ከማዕድ ቤት ሲያስወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። በርግጥ ማሲንቆ ተጫዋች በኖታና በኖታ መካከል ሲንሸራተት፣ ፒያኖ ኦክታቩን ለአሥራ ሁለት እኩል ከፍሎ ቆሞ ይቀራል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ተማሪው ማሲንቆውን ደጋግሞ መስማት ነው ያለበት።

የማይላከው

ክርኗን ዝቅ ማድረግ አልችልም። ከላይ የተንጠለጠለው ስልክ ክርን አያሳይም፤ ሚዲም ስለ ትከሻ አይናገርም። ለዚህ ያለኝ መሣሪያ እናቷ ናት። የመጀመሪያዎቹን ወራት ከጎኗ ትቀመጥና፣ እኔ ስል እሷ ትነካታለች። ፒያኖ አታውቅም፤ ግን የደነደነ ትከሻ ምን እንደሚመስል ያወቀችው በሁለት ትምህርት ውስጥ ነው።

አንድ ቅዳሜ ማታ ልጅቷ ዘፈኗን ጀምራ፣ ገና አጋማሽ ሳትደርስ መብራት ሄደ፤ መስመሩም ተቋረጠ። እሷ አላወቀችም። እኔ ጨለማ ውስጥ ቁጭ ብዬ ስልኬን ስነካካ፣ እሷ ወዲያ ማዶ እየተጫወተች ነበር። ስንገናኝ ዘፈኑ አልቋል። "እንዴት ነበር ጋሼ?" አለችኝ። አልሰማሁም አልኳት፤ ኪቦርዷ ግን መዝግቦት ነበርና ፋይሉን ላከችልኝ። አሥር ኪሎባይት እንኳ አይሞላም።

ባትሪ ድንጋይ በጎረሰው ኪቦርዴ ከፈትኩት። ሁልጊዜ የምትሳሳትበት ሦስተኛው መስመር ላይ ተሳሳተች። አብሬያት ስሆን እዚያ ቦታ ላይ ታቆምና ቀና ብላ ታየኛለች፤ እኔ እነግራታለሁ። ፋይሉ ላይ ሁለት ሰከንድ የሚሆን ዝምታ አለ። ከዚያ ግራ እጇ ብቻውን ያቺን ቦታ ሁለት ጊዜ ደገመ። ከዚያ ሁለቱም እጆች ከመስመሩ መጀመሪያ ተነስተው ሳይሳሳቱ አለፉ። የግራው ኃይል 63፣ የቀኙ 70።

በማግስቱ ምንም እርማት አልላክሁላትም።